ጫግኒ ላይ ስሙ ኑሩ የነበረው አያቴ

ሐሙስ ንጋት፣ ባሕር ዳር

ሚኒባሱ በራችን ላይ ቆሞ ክላክስ ሲያደርግ ጎህ ገና አልቀደደም ነበር። "ኧረ ቀስ፣ ሰፈሩን ሁሉ ልትቀሰቅሰው ነው?" እያልኩ ወጣሁ። ሹፌሩ ሸጋው ይባላል፤ እስከ እሑድ በኮንትራት ይዘነዋል። መፋቂያውን ከአፉ ሳያወጣ "እማማ ከገቡ ቆዩ እኮ፣ የዘገየሽው አንቺ ነሽ" አለኝ። እውነቱን ነው። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗን መንገዱ ላይ ተክላለች።

"እማ፣ የልብ መድኃኒትሽን ዋጪ።"

"መንገድ ላይ።"

መድኃኒት ቤት አለኝ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ዋጥ ያልኩትን ይውጣል፤ እናቴ ብቻ ናት የማትሰማኝ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እልኋ ግን የሃያ ዓመት ነው። ተውኳት።

የዚህ አምድ አንባቢዎች ከኔ የለመዳችሁት የጣናን ደሴቶች፣ የዓሣ ጥብስና የመንገድ ዳር ወሬ ነው። ይኼኛው ጉዞ ሌላ ነው። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ጥርባ አካባቢ፣ እናቴ የተወለደችበት መንደር አለ። አባቷ፣ ማለት አያቴ አንሙት ገላው፣ የተቀበረው እዚያ ነው። የተቀበረው ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ አጥሩ ሥር፣ ብቻውን ነው። በጣሊያን ጊዜ ሃይማኖቱን ለውጦ ሞተ ተብሎ ነው። ሰሞኑን ከመንደሩ ሽማግሌዎች አንዱ፣ አያ መንግሥቴ፣ ለእናቴ ደወሉላት። የመንደሩ መንገድ ሊሰፋ ነው፤ ሰኞ ዶዘር ይገባል፤ መቃብሩ የሚሰፋው መንገድ ላይ ነው።

"አፅሙን አንሺ" አሏት። "ወደ ቅጥሩ ግን አይገባም። ክርስቲያን ሆኖ መሞቱን የሚመሰክር ሰው ካለሽ አምጪ።"

እናቴ ስልኩን ዘጋች። አመሻሽ ላይ "ጫግኒ ውሰጅኝ" አለችኝ። ለምን ጫግኒ እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም እንደ ወትሮዬ አልጨቀጨቅኋትም።

ሐሙስ ረፋድ፣ ዳንግላ

መራዊን አለፍን፣ ዱርቤቴን አለፍን። ባሕር ዛፍ፣ የበቆሎ አገዳ ክምር፣ በጆንያ ተሞልቶ መንገድ ዳር የተደረደረ ከሰል፣ ገበያ የሚወርዱ አህዮች። አየሩ እየቀዘቀዘ መጣ። ሸጋው ስልኩን እየነካካ "ኔትወርክ ሄደ" ብሎ ሲነጫነጭ "መንገዱን እይ!" ብዬ ጮህኩበት። ሳቀብኝ።

ዳንግላ አንድ ቁርስ ቤት ገባን። እንቁላል ፍርፍርና ትኩስ ዳቦ አዘዝን። እናቴ አልነካችውም። በመስኮቱ ወደ አንድ ጉብታ እያየች "የጣሊያን ምሽግ እዚያ ነበር ይሉኛል" አለች። ከዚያ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቁርጥራጩን ብቻ የሰማሁትን ታሪክ፣ ፍርፍሩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ነገረችኝ። ሸጋውም መብላቱን ትቶ ይሰማል።

"አባቴ ገበሬ ነበር። ፈረሰኛም ነበር። ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ድንገት ‘ጨው ልነግድ ነው’ ብሎ ተነሳ። ጨው በአህያ ጭኖ እዚህ ዳንግላ ምሽጉ ድረስ ይገባል፣ ከዚህ ጫግኒ ይወርዳል፣ ከጫግኒም አልፎ ቆላ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ብቻ ለእናቴ ነገራት። የአርበኞች ሰላይ ነበር። እስላም ነጋዴ መስሎ፣ ስሙን ኑሩ ብሎ፣ ምሽጉ ውስጥ ያየውን ጦርና መሣሪያ ቆላ ላሉት አርበኞች ያደርሳል። ‘ለማንም ብትናገሪ የሚያሳድሩኝ ሰዎች ይሰቀላሉ’ ብሎ አስማላት።"

"ታዲያ በኋላ ለምን አልተናገረችም?" አልኳት።

"ተናገረች እንጂ። ጣሊያን ሲወጣ ተናገረች። ማን ይመናት? ሚስቱ ናት። መልእክት ያደርስለት የነበረው አለቃም ሞቷል።"

መንደሩ ያመነው ሌላ ነገር ነው። የአያ መንግሥቴ አባት ጥጥ ሊገዙ ጫግኒ ወርደው ሳለ አያቴን በዓይናቸው አይተውታል። አብደላ የሚባል የጨው ነጋዴ ቤት፣ ቆብ አድርጎ፣ ሥጋ በቀረበበት ገበታ ከእስላሞቹ ጋር ተቀምጧል፤ "ኑሩ" ሲሉትም "አቤት" ይላል። ተመልሰው ያዩትን ተናገሩ። በእኛ አገር ክርስቲያን የእስላም ሥጋ ከበላ፣ እስላምም የክርስቲያን ሥጋ ከበላ፣ ሃይማኖቱን ጥሎ ሄደ ማለት ነው። ሌላ ማስረጃ አይጠየቅበትም።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አንድ ምሽት ነጋዴዎች አያቴን በበቅሎ አምጥተው መንደሩ ዳር ጥለውት ሄዱ። የቆላ ወባ ይዞታል። አንገቱ ላይ ማተብ የለም። ከትኩሳቱ የተነሳ ሚስቱንም አላወቃትም፤ የሚጠራው አብደላን ነው። ደግሞ ደጋግሞ አንድ ቃል ይላል፤ "ድስቴን እንዳትነኩ።" ቄሱ መጡ፣ ባዶ አንገቱን አዩ፣ ቃሉን ሰሙ፣ ወጡ። ሳይነጋ ሞተ። ሰው ሳቀ። በሞት አልጋው ላይ የእስላም ድስት አማረው ተባለ።

"እኔ የስድስት ወር ልጅ ነበርኩ" አለች እናቴ። "ሳድግ ስሜ የባለድስቱ ልጅ ነበር። ውኃ ስቀዳ የባለድስቱ ልጅ። ሠርጌ ላይ የባለድስቱ ልጅ። በለቅሶው ቀን ፈረሱ በረት ውስጥ ታስሮ ዋለ፤ የሚመራው ሰው ጠፋ።"

የአዊ ሰው የፈረስ ነገር እንዴት እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። የተከበረ ሰው ሲሞት ፈረሱ በዘርፍ አጊጦ፣ ኮርቻ ተጭኖ፣ ማንም ሳይቀመጥበት በለቅሶው መካከል ይመራል፤ ሰውም ባዶውን ኮርቻ እያየ ያለቅሳል። ፈረሱ ካልወጣ ሟቹ ሰው አልነበረም ማለት ነው።

"እማ" አልኳት፣ "ጫግኒ እኮ እዚህ ነው። አብደላ የሚባል ስም ካለሽ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ለምን ሄደሽ አልጠየቅሽም?"

ዳቦውን በጣቷ እየቆረሰች፣ ግን ሳትበላ፣ "እውነት ቢሆንስ ብዬ" አለች።

አንጀቴን በላችው። ሸጋው ተነስቶ ሂሳብ ከፈለ፤ እንዳልከፍል አስቀድሞ እጄን ያዘኝ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ እንጅባራ

እንጅባራ ብርዱ አጥንት ይገባል። የዞኑ ቢሮዎች፣ በመሠራት ላይ ያለው ዩኒቨርሲቲ፣ የሲሚንቶ አቧራ፣ ከፊት ከኋላ የሚሽሎከለኩ ባጃጆች። መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበርና መደርደሪያ የሚሸጡ ሰዎች ጋቢ ለብሰው ፀሐይ ይሞቃሉ። እናቴ ከአንዲት ድንች ሻጭ ጋር በአዊኛ ወሬ ጀመረች፤ እኔ ባሕር ዳር ያደግሁት ከሰላምታው በላይ አይገባኝም። ሴትዮዋ የማን ልጅ እንደሆነች ስትጠይቃት ብቻ ገባኝ፣ እናቴ ወዲያው ድንቹን ከፍላ ዞር አለች። የአባቷን ስም አልጠራችም። አንድ ፔንሲዮን ይዘን በጊዜ ተኛን።

ዓርብ፣ ጫግኒ

ከእንጅባራ ወደ ጫግኒ መንገዱ ቁልቁል ነው። እየወረድን ስንሄድ ጋቢ ወለቀ፣ ሹራብ ወለቀ፣ የሚኒባሱ መስኮት ተከፈተ። ወደ ግድቡ ሲሚንቶ የሚያመላልሱ ተሳቢዎች እየጮኹ ያልፉናል። ገብሱና ቀርከሃው ቀርቶ ማንጎ ተተካ። ዳር ለዳር ቀይ በርበሬ ተሰጥቷል፤ ሸጋው ያስነጥሰዋል።

"አብደላ?" አለ ገበያው መግቢያ ላይ ያገኘነው ባለባጃጅ፤ "የትኛው አብደላ? እዚህ አገር አብደላ እንደ ማንጎው ነው።"

"የጨው ነጋዴ የነበረ። በጣሊያን ጊዜ።"

"በጣሊያን ጊዜ! እኔ መቼ ተወልጄ!" ብሎ ሳቀ፤ ግን ደግ ሰው ነው፣ ከፊት ከፊታችን እየነዳ መስጊዱ በር ድረስ መራን። ለጁምዓ ሶላት ቀድመው የመጡ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ጥያቄውን ስነግራቸው መቁጠሪያቸውን ያዝ አደረጉት።

"የጨው አብደላ? ጣሊያን የገደላቸው? ልጃቸው አለች። እናት ዘሃራ። ያ ትልቁ ማንጎ ያለበት ግቢ ነው።"

ግቢው ውስጥ እናት ዘሃራ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ዘጠናን ያለፉ ይመስለኛል፤ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፣ ወገባቸው ግን ቀጥ ያለ ነው። ሴት ልጃቸው፣ እሷም ሽማግሌ ናት፣ በርጩማ አመጣችልን። እናቴ ተቀመጠች። እኔ ጀመርኩ።

"እናት ዘሃራ፣ ከባሕር ዳር ነው የመጣነው። በጣሊያን ጊዜ አባትዎ ቤት ኑሩ የሚባል ጨው ነጋዴ ያድር ነበር ተብሎ ነው።"

እናት ዘሃራ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዙረው፣

"ኑሩ ሆዱ? መጣ እንዴ?" አሉ።

ወገኖቼ! ሰባ ምናምን ዓመት አልፎ "መጣ እንዴ?"

"አልመጣም" አለች እናቴ። የመጀመሪያ ቃሏ ነው። "ልጁ ነኝ።"

እናት ዘሃራ እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን ዳበሱት፤ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ አገጯን። "አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ "ልጅ ነበረው። አንድም ቀን አልነገረን።"

እናቴ ያዘለችውን አላቆየችውም። "እታለም ዘሃራ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። እውነቱን ይንገሩኝ፣ ምንም ቢሆን። አባቴ እዚህ ቤት ሥጋ በልቷል?"

እናት ዘሃራ ተቆጡ። የምሬን ነው፣ ተቆጡ!

"ሥጋ? ኑሩ? እናቴ ቤት? ምን ማለትሽ ነው አንቺ! እናቴ የሰው ሃይማኖት የምታስበላ ሴት መሰለችሽ? መጀመሪያ የመጣ ቀን አባቴ ወደ ጓዳ ጠርቶን ‘ይኼ ሰው ክርስቲያን ነው፤ ነፍሱም ነፍሳችንም በእጃችሁ ናት፤ ለብቻው ማብሰያ ይኑረው’ አለን። እናቴ አዲስ የሸክላ ድስት ገዛች። ምስር ብቻ፣ ሽሮ ብቻ፣ በዘይት። እኔ ነበርኩ የማጥበው፤ ከኛ ዕቃ ጋር አላጥበውም፣ ለብቻው። የሰሃኑ ሥጋ እሱ ፊት ሲደርስ እናቴ ‘ለኑሩ ሥጋ አይስማማውም፣ ሆዱን ያመዋል’ ትልና ምስሩን በእሱ በኩል ታፈሳለች። የጣሊያን ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ መጥተው አብረው ሲበሉ እንኳ እንዲያው ነው። ሰው ሁሉ ኑሩ ሆዱ ይለው ነበር።"

"ማተቡስ?" አልኩ።

"እሱንም ልነግራችሁ ነው። አንድ ቀን እህቴ ተሳስታ በዚያ ድስት መረቅ ልታሞቅ ስትል እናቴ በጥፊ አጮለቻት! ኑሩ ይኼን አየ። ጨው በተሸከመው አህያ ጭነት ውስጥ ደብቆት የነበረውን ማተቡን አወጣና ድስቱ ጆሮ ላይ አሰረው። ‘ከእንግዲህ በጨለማም ቢሆን በእጃችሁ ታውቁታላችሁ’ አለን። ድስት ላይ ክር ቢታሰር ማን ይጠረጥራል? ወላሂ፣ ከዚያ ወዲያ አንድም ሰው አልተሳሳተም። ሲሄድ ሲመጣ ‘ድስቴን እንዳትነኩ’ እያለ ይቀልድብን ነበር።"

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰባ ዓመት የተሳቀበት ቃል ሃይማኖቱን የጠበቀበት ቃል ነበር። ተነስቼ ማንጎው ሥር ሄጄ አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

የቀረውንም ነገሩን። አባታቸው ሶላት አስተምረውት ነበር። ከምሽጉ ሲመጣ እንግዳ ባለበት "ጨው ተወደደ" ካለ ጦር ጨምሯል ማለት ነው፤ "ረከሰ" ካለ ቀንሷል። መጨረሻ ላይ ወባ ሲይዘው፣ አገሩን ከሚያውቁ ነጋዴዎች ጋር በበቅሎ ጭነው ላኩት። መንገዱ ላይ ኬላ ስለነበር ማተቡን ሊያስሩለት አልደፈሩም። ከወር በኋላ ጣሊያን አባታቸውን ወስዶ ገደላቸው፤ እናትየው ልጆቿን ይዛ ተደበቀች። የወሰዱት ነጋዴዎችም አልተመለሱም፤ እውነተኛ ስሙን ስለማያውቁ ማን ብለው ይጠይቁ?

"እናቴ ድስቱን ማንም እንዲጠቀምበት አልፈቀደችም" አሉ። "‘ይመጣል’ ትል ነበር። በኋላ ቤት ስንቀይር ተሰበረ። ይኼን ግን አስቀመጥኩለት።"

ልጃቸው ከውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አመጣች። ጥቁር የሸክላ ስባሪ ነው፤ የድስት ጆሮ። ጆሮው ላይ ጭስና ዕድሜ ያደረቀው ክር ታስሯል። እናቴ በሁለት እጇ ተቀበለችው።

"ስሙ ማን ነበር?" አሉ እናት ዘሃራ።

"አንሙት።"

"አንሙት" አሉ ቀስ ብለው። "አንሙት። መልካም ስም ነው።"

ምሳ ምስር ቀረበልን። "ዓርብ አይደል? ጦም ናችሁ" አሉን። እናቴ በላች። ከባሕር ዳር ከወጣን ወዲህ በደንብ ስትበላ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ከምሳ በኋላ መንደሩ የጠየቀውን ስነግራቸው ልጃቸው ደነገጠች፤ "ኧረ እማ አትችይም፣ ወገብሽስ?" አለች።

"ወገቤ ይጠብቀኛል" አሉ። "ሰውዬው አጥር ሥር ተኝቶ እኔ ማንጎ ሥር ልተኛ? ልብሴን አዘጋጂ።"

ቅዳሜ፣ ጥርባ

ጠዋት ተነስተን ሽቅብ ወጣን። እናት ዘሃራ ከእናቴ ጎን ተቀምጠዋል፤ ሸጋው የፍጥነት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ይመስል ቀስ ብሎ ይነዳል። ዘንገና ሐይቅ ጋ ስንደርስ "ውኃ ይሸተኛል" አሉ፤ እናቴ ሐይቁ በጥድ የተከበበ ክብ መሆኑን ነገረቻቸው።

ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት፣ ዋርካው ሥር ተሰብስበዋል። ቄሰ ገበዙ፣ ማለት የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ቄስ ይሁኔ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አያ መንግሥቴ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከዘራ የያዙ ሰው ናቸው። ወሬው በአዊኛ ተጀመረ፤ እናት ዘሃራ ሲቀርቡ ግን ወደ አማርኛ ተመለሰ።

በቁርአን ማሉና ትናንት የነገሩንን ሁሉ፣ አንድ ቃል ሳያጎድሉ ተናገሩ። ስባሪው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

አያ መንግሥቴ ተነሱ። ፊታቸው ጠቁሯል። "እናቴ፣ ያሉትን ሰማሁ። አባቴ ግን ውሸታም አልነበረም። በዓይኑ አይቷል። እርስዎን ካመንኩ አባቴ የሰው ስም አጥፍቶ ሞተ ልበል?"

እኔ አለቀልን አልኩ። እናት ዘሃራ ግን ፈገግ አሉ።

"አባትህ እውነቱን ነው ያየው፣ ልጄ። ገበታችን ላይ ሥጋ ነበር፣ ኑሩም ገበታው ላይ ነበር። እንዲታይ ነበር የተቀመጠው። ደጅ የቆመ ሰው ጓዳ ያለውን ድስት በምን ዓይኑ ያያል? አባትህን ያታለልነው እኛ ነን። ለጣሊያን ያዘጋጀነው ወጥመድ እሱን ያዘው፤ አፉ በለኝ።"

አያ መንግሥቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ከዚያ ወደ ቄሰ ገበዙ ዞረው፣

"አባ፣ አንሙት የሞተ ሌሊት አባቴ አልጋው አጠገብ ነበር" አሉ። "‘ድስቴን እንዳትነኩ’ ሲል ሰምቷል። እኔም በልጅነቴ፣" ወደ እናቴ አላዩም፣ "እኔም የባለድስቱ ልጅ እያልኩ ከተከተሏት አንዱ ነኝ። እኚህ ሴት ከጫግኒ ሳይወጡ ይኼን ቃል ከየት ያውቁታል?"

ቄሰ ገበዙ ስባሪውን ተቀበሉ፣ ክሩን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ሳሙት። "ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይግባ" አሉ።

አመሻሹን እናቴ "እንጅባራ ገበያ ውሰጂኝ" አለችኝ። ሸክላ ተራ ገብታ ድስት እያነሳች፣ እያንኳኳች፣ እያስቀመጠች ሻጯን አሰለቸቻት። ለተዝካሩ ነው ብዬ "እማ፣ መንደሩ ሁሉ የብረት ድስት ሞልቶታል እኮ" ብላት ሌላ ድስት አነሳች።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

አፅሙ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወጣ። ስባሪው አብሮት አለ። መቃብሩ አጠገብ ቆሜ ሳለ ከኋላዬ የፈረስ ኮቴ ሰማሁ። አያ መንግሥቴ የራሳቸውን ፈረስ ሸልመው፣ ቀይ ዘርፍ ያለው ኮርቻ ጭነው፣ ልጓሙን ይዘው በእግራቸው እየመሩ መጡ። ኮርቻው ባዶ ነው። ከኋላቸው ሌሎች ፈረሰኞች፣ ከዚያ ሌሎች፤ ማን እንደጠራቸው አላውቅም። እናቴ ባዶውን ኮርቻ ስታይ በአዊኛ አንድ ነገር ብላ ጮኸች፤ ሴቶቹ ተቀበሏት። አዊኛ ባልችልም ይኼ ገባኝ። "አባዬ" ነው ያለችው።

ቀሳውስቱ አፅሙን ይዘው ወደ ቅጥሩ ገቡ። እናት ዘሃራ አልገቡም፤ አጥሩ ሥር፣ የተከፈተው ጉድጓድ አጠገብ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ዜማው አዙረዋል። "እኔ ተኝቶበት የነበረውን ቦታ እየጠበቅሁለት ነው" አሉኝ።

መንደሩ ለተዝካር ሁለት በግ አርዷል። ሰው ዳስ ውስጥ ገብቶ ሲበላ እናቴ ጠፋችብኝ። ፈለግኋት፤ አጥሩ ሥር አገኘኋት። እናት ዘሃራ ፊት ተንበርክካለች፤ መካከላቸው ትናንት የገዛችው አዲስ ድስት አለ። ውስጡ ምስር ነው። ከነጠላዋ ጥለት ላይ ክር መዝዛ ጆሮው ላይ አስራበታለች።

"እኔ ራሴ ነኝ የሠራሁት" አለች። "ዳሱ ውስጥ ካለው ነገር አልነካካሁትም። በእጅዎ ይዩት።"

እናት ዘሃራ ድስቱን በእጃቸው ዳበሱት፣ ጆሮውን አገኙ፣ ክሩን አገኙ። ጣታቸው እዚያ ላይ ቀረ። "እናቴ ብታይሽ" አሉ። ከዚያ ሁለቱ ከአንድ ድስት በሉ፤ እኔም ሳይጠሩኝ ቁጭ ብዬ በላሁ።

እሑድ ማታ፣ ጫግኒ

ወደ ባሕር ዳር ከመመለሳችን በፊት እናት ዘሃራን ልናደርስ ወረድን። መንገዱን ሁሉ ድስቱን ጭናቸው ላይ ይዘውታል፤ እኔ ልያዝልዎ ብል አልሰጡኝም። ቤት ሲገቡ ልጃቸውን ጠርተው ጓዳ ውስጥ ከሌላው ዕቃ ራቅ አድርጋ እንድትሰቅለው አዘዟት።

"ክሩን እንዳትፈቺው" አሏት። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው፣ "ያንቺ ነው። ማንም አይነካውም። ስትመጪ ትበይበታለሽ።"

ሚኒባሱ ውስጥ ገባን፣ ሸጋው ሞተር አስነሳ። የጫግኒ መብራት ከኋላችን ሲቀር እናቴ ጋቢዋን አስተካክላ፣ ሳልጠይቃት፣ እጇን ወደኔ ዘረጋች።

"መድኃኒቴን ስጪኝ" አለች። "ለፋሲካ ጦም መያዣ እመጣለሁ ብያቸዋለሁ።"